ከኑዛዜው እስከ መድፉ

ዌንደል ፑል ተብታባ ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ በካርዌል ቤት ሰገነት ላይ ቆሞ ሲናገር የሰማው ሰው ኋላ ቢነገረው አያምንምና። እዚያ ላይ ቃሉ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ከሰገነቱ ወርዶ፣ ኮቱን ሰቅሎ፣ በገዛ ሸሚዙ ዳቦ ቤት ሲገባ ግን "እንደምን አደርክ" ለማለት እንኳ አንገቱ ይገተራል፣ ዓይኑ ይጨፈናል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

ልጅነቱ ያለፈው በሌላ ሰው ቃል ነው። አባቱ ከከተማው መውጫ ላይ የከብት መኖ መደብር ነበራቸው፤ እሱም ከአጃው ጆንያ ጀርባ ተደብቆ ደንበኛ እስኪሄድ መጠበቅ የለመደ ልጅ ነበር። የሚያሾፉበት እኩዮቹ ብዙም አልጎዱትም፤ የሚያሾፍን ልጅ አፍንጫውን በቡጢ ማለት ይቻላል። የጎዱት ደጎቹ ናቸው። ገና "እ-እ-" ሲል እያዘኑለት ቃሉን ከአፉ ነጥቀው የሚጨርሱለት። አይስክሬም ቤት ሄዶ "እንጆሪ" ሊል "እ-እ-" ብሎ ሲጀምር ሻጩ "ገባኝ የኔ ልጅ፣ እንደ ሁልጊዜው!" ብሎ ቫኒላ ያስታቅፈዋል። ዌንደል ቫኒላ አይወድም። ጢም እስኪያወጣ ድረስ ቫኒላ በላ።

ካርዌል የከተማችን ስም ነው፤ ከተማችን ደግሞ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ሰው ነው። ኮሎኔል አምብሮዝ ካርዌል፣ በዚያ በጋ ፊላደልፊያ ላይ መስኮት ዘግተው ተሰብስበው ሕገ መንግሥት ጽፈው አሜሪካን ከመሠረቱት አንዱ። ሌሎቹ የግዛታችን የቨርጂኒያ ከተሞች መልኩ በዶላር ኖት ላይ የታተመ ሰው አላቸው። የኛው በሳንቲም ላይም የለም። ይህ ያንገበግበናል። ስለዚህ ድልድዩን በስሙ፣ ትምህርት ቤቱን በስሙ፣ የልብስ ንጽሕና መስጫውን ሳይቀር በስሙ ጠርተን ተጽናንተናል። ስለሱ የምናወራው ሁለት ነገር ነው። አንዱ በጉባኤው ላይ ሲናገር ውሎ ግማሹን ሰው እንዳስተኛ፤ ይህን የምናወራው በኩራት ነው። ሌላው በኑዛዜው ባሪያዎቹን ነፃ እንዳወጣ። ይህኛው በነሐስ ተቀርጾ በቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ወስደን የምናሳየው እሱን ነው።

ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው። በየዓመቱ በነፃነት በዓል ቀን ኮሎኔሉን የሚጫወት ሰው በሰገነቱ ላይ ይወጣና ኑዛዜውን ያነባል፤ ሲጨርስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፤ ያኔ ሣሩ ላይ የቆመው አሮጌ መድፍ ይተኮሳል፤ ሰው ያጨበጭባል፤ ከዚያ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋና የድንች ሰላጣ ነው። ዌንደል ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው በዚሁ በዓል ለሠረገላ ፈረሶቹ አጃ ይዞ መጣ። ኮሎኔሉን ለብዙ ዘመን የተጫወቱት ሽማግሌ ዳኛ ሙቀት ጥሏቸው ጥላ ሥር ተዘርግተዋል። የዚያን ጊዜዋ የሙዚየሙ ኃላፊ ዓይኗን ስታንከራትት ዌንደል ላይ አረፈ።

"አንተ ልጅ! ቁመትህ ይሆናል። ና ይህን ልበስ። ወጥተህ እጅህን አወዛውዝ፤ እንዳትናገር ብቻ።"

እንዳይናገር መባሉ ደስ አለው። የሱፉን ኮት ለበሰ፣ ዊጉን አጠለቀ፣ ወጣ። ሣሩ በሰው ጢም ብሏል።

"ክቡራንና ክቡራት፣ የዚህች ምድር ልጆች ሆይ!" አለ አንድ ድምፅ። ወፈር ያለ፣ ዘና ያለ፣ ሰውን ማስጠበቅ የለመደ የጌታ ድምፅ ነው። ዌንደል ማን እንደተናገረ ለማየት ዘወር አለ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

ያን ቀን ሲናገር ዋለ። ውረድ ቢሉትም አሻፈረኝ አለ። በዚያው ሳምንት ከነኮቱና ከነዊጉ ፋርማሲ ገብቶ፣ ዘመናት ሙሉ የማያስፈልገውን የሳል ከረሜላ ሲገዛ የኖረባትን ሻጭ፣ ፈርንን፣ እንድታገባው ጠየቃት። ቅኔ የሚያሰኝ ንግግር አደረገ። ፈርን እሺ አለች። "እሺ ያልኩት ኮሎኔሉን ነበር" እያለች ጓደኞቿን ታስቃለች፤ "ቤቴ የገባው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።" ሌላውን ሰውም ወደደችው። ብቻ ቃል ሲይዘው እሷም እንደ ሰዉ ሁሉ ትጨርስለታለች። ከፍቅር ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ዓመት አለፈ። የመኖ መደብሩ ተሸጠ፤ ዌንደል የቤቱ ቋሚ ሠራተኛ ሆነ። በከተማው ስሙን የሚጠራው ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ "ኮሎኔል፣ ዛሬስ ጎኑን ላሳጥረው?" ይለዋል። ባለ ነዳጁ "ግብር ጨመሩብን እኮ ኮሎኔል፣ ይህንን ነው የመሠረትክልን?" ይለዋል። እሱም በራሱ ድምፅ ልመልስ ቢል ጀንበር ልትጠልቅ ስለሆነ በኮሎኔሉ ድምፅ ይመልሳል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ኋላ ሥጋ ቤት በሱ ድምፅ፣ ባንክ በሱ ድምፅ፣ ስልክ በሱ ድምፅ ሆነ። አባቱ ሲሞቱ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ በሱ ድምፅ ተናገረ። ለቀስተኛው በሙሉ እንባውን ረጨ፤ ያላለቀሰው ዌንደል ብቻ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ አባቱን የቀበረለት መሰለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮቱን ሲለብስ እጅጌው ውስጥ እጁን ሲሰድ የሆነ ነገር ደረቱን ያፍነው ጀመር። ሲያወልቀውም ያፍነዋል። በኮቱ ውስጥ ድምፅ አለው፣ እሱ የለም። ከኮቱ ውጭ እሱ አለ፣ ድምፅ የለውም።

የቤቱ ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው። ዊግ እስካጠለቅክ ድረስ የምትጫወተው ሰውዬ ነህ፤ ሠራተኛው ሁሉ "እርስዎ" ይልሃል፤ ዊግህን ስታወልቅ ወደ "አንተ" ትወርዳለህ። በዚያ ቤት ቀኑም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ኮሎኔሉ ከመሞቱ በፊት የነበረው የመጨረሻው በጋ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንድም ነገር አታውቅም። ጎብኚ ስልክ ሲያወጣ "ይህች ትንሽ ሣጥን ምንድን ናት?" ማለት ግዴታ ነው። አንድ ጊዜ አንጥረኛውን የሚጫወተው ሰው መዶሻውን እንደያዘ ስለ ትናንቱ የቤዝቦል ጨዋታ አወራ ተብሎ በሳምንቱ ተሰናብቷል።

በዚህ ሁሉ መሀል ዌንደል አንዲት መተንፈሻ ነበረችው። ከቤቱ ኋላ ያለው የጡብ ማድ ቤት፤ እዚያ ኦዴሳ ፌልፕስ አለች። ኦዴሳ የምትጫወተው ዳይና የምትባለዋን የቤቱን ወጥ ቤት ነው፤ ዳይና ደግሞ የአያቷ አያት እናት ናት። እንደዚህ ያለ ሥራ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው እንጃ፤ ሲጠይቋት "ድስቱ ያው ድስት ነው፣ እሳቱም ያው እሳት ነው፤ የተለወጠው ማታ ወደ ቤቴ መሄዴ ነው" ትላለች። ዌንደል መጀመሪያ የተገናኛት ቀን ዊጉን በእጁ ይዞ፣ ጉሮሮው ደርቆ ማድ ቤት ገባ። "ው-ው-ው-" አለ። ኦዴሳ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ የፎሶሊያ ሰሐኗን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ጫፍ ጫፉን እየቀነጠሰች ጠበቀች። አላዘነችለትም፣ አላገዘችውም፣ ቀናም አላለች። በስንት መከራ "ውሃ" ወጣ።

"ከጉድጓዱ ነው ከቧንቧው?" አለችው።

እንደገና ሊጀምር ነው! ዌንደል በሕይወቱ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ጎብኚ ጋብ ሲል ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ይቀመጣል፤ በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ፍጥነት ያወራታል።

አንድ ዓመት፣ የጸደይ ወቅት ነው፤ አንድ ዝናባማ ቀን፣ ጎብኚ የለም።

"ያንን ዊግ አውልቅና ተቀመጥ" አለችው ኦዴሳ። "የምጠይቅህ ነገር አለ። በል እስቲ፣ ኑዛዜውን እንደምታነበው አንብበው።"

ሊያነብላት ዊጉን መልሶ አጠለቀ። "ውድ ባለቤቴ ቻርሎት ከሞተች በኋላ፣ በእጄ ያሉት ነፍሳት ሁሉ፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ለዘለዓለም ነፃ ይሁኑ!" አለ በኮሎኔሉ ድምፅ።

"አየህ? 'ከሞተች በኋላ' የሚለው ላይ ስትደርስ በሩጫ ነው የምታልፈው።"

ዌንደል ዊጉን አወለቀ። "አ-አውቃለሁ።"

"የምታውቅ ከሆነ ጥሩ። ቻርሎት ከሱ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረች። እነሱም ሠላሳ አንድ ዓመት ባሪያ ሆነው ጠበቁ። ያውም ቤቱ ራሱ የሚያውቀው ነገር ነው፤ አስጎብኚዎቹም ያውቁታል፤ ከሰገነቱ የሚናገረው የለም እንጂ። ሴትዮዋ ደግሞ በሽተኛ ነበረች፤ ሾርባዋን የምታበላት፣ የምታገላብጣት ማን መሰለችህ? ዳይና ናት። እዚህ ምድጃ ላይ ቀቅላ፣ በማንኪያ እያበላች፣ ነፃነቷን የያዘችባትን ሴትዮ በገዛ እጇ አቆየቻት። ባታበላት ገደለቻት እንደሚሏት ታውቃለህ።" ድስቱን አማሰለች። "ዳይና የሞተችው ሴትዮዋ ከመሞቷ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ድንጋይዋ ከፖም ዛፎቹ ጀርባ አለ። ስም የለውም።"

ዌንደል ዊጉን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"ዘንድሮ በበዓሉ ቀን ቤተሰቤ በሙሉ ይመጣል። ከባልቲሞር፣ ከዲትሮይት። አክስቴ ቬልማም በተሽከርካሪ ወንበሯ። ያቺ አሮጊት ከዚያ ሰገነት ሥር ሆና ኑዛዜውን ሰምታ ልታጨበጭብ ነው? ከኑዛዜው በኋላ፣ ከመድፉ በፊት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምርልኝ። ሚስቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረች፣ እነሱም ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቁ። ሌላ አልፈልግም።"

"ግ-ግሬቸንን ጠ-ጠይቂያት።" ግሬቸን ሃውዝ የቤቱ ኃላፊ ናት።

"ጠየቅኳት እንጂ! ኮሚቴ ይቋቋማል አለችኝ። ኮሚቴው እስኪቋቋም አክስት ቬልማ ከዳይና ጎን ትተኛለች።"

"ኮ-ኮሎኔሉ እኮ አ-አያውቅም። ሞ-ሞቷል።"

"እሱ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ።"

ዌንደል አንድ ዘዴ መጣለት። ዊጉን አጠለቀና እጁን ወደ ጣሪያው ዘረጋ። "ወዮልኝ ወገኖቼ! ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ክረምት ስትኖር፣ ወገኖቼም ሠላሳ አንድ ክረምት በር በሩን ሲያዩ፣ በትንቢት ዓይን ይታየኛል!" ማድ ቤቱ አስተጋባ። የሚያምር ነገር ነበር።

ኦዴሳ ራሷን ነቀነቀች። "አይ። በሱ አፍ ሁሉም ነገር ያምራል። ሰዉ እንባውን ጠርጎ ያጨበጭብና ወደ ጥብሱ ይሄዳል። እንዲያምር አይደለም የምፈልገው። የሱ ተጸጽቶ ማልቀስም አያስፈልገኝም፤ አልተጸጸተም። አንተ ንገርልኝ። ዌንደል ፑል።"

"እኔ አ-አልችልም" ሊል ነበር። ሆኖም ኦዴሳ እንደ ልማዷ ዝም ብላ ጠበቀችው፤ እየጠበቀችው "አልችልም" ማለት አፈረ። "እ-እሺ" አለ። ቢያንስ አጭር ቃል ናት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ከዓይኑ ጠፋ። መኪናው ውስጥ መስኮት ዘግቶ ይለማመዳል። "ሚስቱ" ትወጣለች፤ "ሠላሳ" ላይ ሲደርስ ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሌላ ቃል ቢፈልግ ሠላሳ አንድን የሚተካ ቁጥር የለም። አንድ ቀን ራት ላይ ለፈርን ነገራት። ነግሯት እስኪጨርስ ሥጋው ቀዘቀዘ።

"ሊ-ሊ-"

"ሊያመሰግኑህ?"

"ሊያባ-"

"ሊያባርሩህ! ያባርሩሃል እንጂ ምን ጥርጥር አለው።" ፈርን ሹካዋን አስቀመጠች። "ኦዴሳ ያለችው እውነት ነው፤ እውነት አይደለም አላልኩም። ግን አስበህበታል? ኮቱን ከወሰዱብህ ስልክ ማን ያነሳል? ሐኪም ቤት ምን ብለህ ታስረዳለህ? ከኔስ ጋር በምን ታወራለህ?"

ዌንደል ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ አንገቱ ተገተረ፤ ዓይኑ ተጨፈነ፤ ከዚያ ሳያስበው ያ ሌላው ወጣ። "እመቤቴ ሆይ፣ ልብሽ አይታወክ፤ ሰው ቃሉን..."

ፈርን ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። "ቤቴ ውስጥ እሱን አልፈልግም ብዬሃለሁ!"

ተፋጠጡ። ዌንደል በገዛ ራት ጠረጴዛው ላይ፣ ከገዛ ሚስቱ ፊት፣ መውጫ እንደሌለው ያኔ ገባው። ቃሉን ቢያጥፍ ዓለም ላይ የምትጠብቀውን አንዲት ሰው ያጣል። ቃሉን ቢጠብቅ ድምፁን ያጣል። ሳህኑን አንስቶ ሊያጥብ ተነሣ፤ ውሃውን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አልዘጋውም።

የበዓሉ ቀን ከማለዳው ጀምሮ ያቃጥል ነበር። ሠላሳ የሚሆኑት የኦዴሳ ዘመዶች አንድ ዓይነት ቢጫ ቲሸርት ለብሰው ከሰገነቱ ፊት ለፊት ተሰብስበዋል፤ መሀላቸው አክስት ቬልማ ባርኔጣዋን ደፍታ ተቀምጣለች። ግሬቸን ደረጃው ላይ ቆማ የዌንደልን ክራቫት አስተካከለች።

"ያምርብዎታል ኮሎኔል። ያው እንደ ወትሮው ነው፤ ኑዛዜውን ይጨርሳሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ በርል ይተኩሳል። ረዘም አድርገው ያጎንብሱልኝ፣ ለፎቶ ጥሩ ነው።" በርል የመድፉ ሰው ነው፤ ጎንበስ ሲባል ካላየ ዓለም ቢገለበጥ አይተኩስም፤ እንደዚያ ተብሎ ነው የተቀጠረው።

ዌንደል ወጣ። "ክቡራንና ክቡራት!" ሰዉ ጸጥ አለ። ኑዛዜውን አነበበ። "ከሞተች በኋላ" የሚለውን አልሮጠበትም፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው። ልዩነቱን ያወቀችው ከማድ ቤቱ ደፍ ላይ በሽርጧ የቆመችው ኦዴሳ ብቻ ናት። "ለዘለዓለም ነፃ ይሁኑ!" ብሎ ጨረሰ። በርል ክብሪቱን አዘጋጅቶ አንጋጠጠ።

ዌንደል አላጎነበሰም። እጁን አነሣና ዊጉን አወለቀ።

መላጣው ጸሐይ ላይ ሲያበራ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አዲስ ጨዋታ የመጣ መስሎታል።

"እ-እኔ" አለ ዌንደል። "እኔ ዌ-ዌ-ዌንደል ፑል ነኝ።"

"እናውቅሃለን ኮሎኔል!" ጮኸ አንዱ። ሳቁ ጨመረ።

"ሚ-ሚ-ሚስቱ..."

"ሚስቱ ተቆጣች!" አለ ሌላው። "ሚስቱ ራት ደርሷል አለች!" ከፊት ያሉ አንዲት ደግ ሴትዮ ደግሞ ለሱ ጨንቋቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ሚስቱ አለቀሰች፣ አይደል የኔ ልጅ? አለቀሰች በል" ይሉታል። እኒህ ባሱበት። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ቫኒላ ጉሮሮው ላይ መጥቶ ተሰነቀረ። በሱፉ ኮት ውስጥ ላብ በጀርባው ይወርዳል። ያኛው ድምፅ እዚያው ጉሮሮው ሥር ተዘጋጅቶ ቆሞ "ልውጣ?" ይለዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢለቀው ይገላገላል። ዌንደል ጥርሱን ነከሰበት።

"ሚስቱ ከሱ በኋላ ሠ-ሠ-ሠላ-ሠላ-"

ግሬቸን ማይክሮፎኑን ያዘች። ፊቷ ቀልቷል፣ ፈገግታዋ ግን በቦታው ነው። "የተከበራችሁ እንግዶች፣ ኮሎኔላችን ሙቀት ነክቷቸዋል! ሚስታቸውም በሰላም ኖሩ ሊሉን ነው! በሞቀ ጭብጨባ እናመስግናቸው! በርል፣ ተኩስ!"

"አላጎነበሰም እኮ!" አለ በርል።

"ተኩስ አልኩህ!"

"ተዪው ግሬቸን።" ኦዴሳ ናት። ከማድ ቤቱ ደፍ ወርዳ፣ በዳይና ሽርጥ፣ በዳይና የራስ ሻሽ፣ ሣሩ መሀል መጥታለች። አልጮኸችም። "ይጨርስ። እኛ እንደሆነ መጠበቅ እናውቅበታለን።"

ቢጫ ለባሾቹ ሁሉ ዝም አሉ። ከነሱ ጎን ያሉት ዝም አሉ። ዝምታው ወደ ኋላ፣ እስከ አይስክሬሙ ድንኳን ድረስ ሄደ። ዌንደል እላይ ሰገነቱ ላይ ቆሞ ከቃሉ ጋር ይታገላል፤ አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ ጋብ አለ፤ አክስት ቬልማ ባርኔጣዋን አወለቀች። ማንም አልጨረሰለትም።

"ሠላሳ አ-አንድ ዓመት ኖረች" አለ ዌንደል። ትንፋሽ ወሰደ። "እ-እነሱም ሠላሳ አንድ ዓ-ዓመት ጠ-ጠ-ጠበቁ። ዳይና አ-አልደረሰችበትም።"

የመጨረሻዋን ኦዴሳ አላዘዘችውም። ራሱ ነው የጨመራት። ከዚያ ደክሞት፣ የሰገነቱን መከታ ይዞ ዝቅ አለ። በርል ይህችን ነው የሚጠብቀው፤ መድፉን ለቀቀው። ወፎቹ ከዛፉ ተነሡ። ያጨበጨበ የለም።

ግሬቸን ደረጃው ሥር ጠበቀችው። ዊጉን ከእጁ ተቀበለችና "ዌንደል፣ ዕቃህን ሰብስብ" አለችው። "አንተ ጥሩ ሰው ነህ። ግን ሕጉን ታውቃለህ።"

ኮቱን አስረክቦ በሸሚዙ ወደ ሣሩ ሲወጣ አክስት ቬልማ እጁን ይዛ ወደ ወንበሯ ሳበችው። "ረጅም ጊዜ ወሰደብህ" አለችው።

"አ-አዎ።"

"ልክ ነው። አጭር አልነበረማ።"

ፈርን ከድንኳኖቹ አጠገብ ቆማ ነበር። አልቅሳለች፤ ተናድዳለችም። ሁለቱንም አልደበቀችም። "ና በቃ፣ አይስክሬም ልግዛልህ" አለችው። ሻጯ ምን ይሁንልህ ስትለው ዌንደል "እ-እ-እ-" አለ። ፈርን አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። መልሳ ዘጋችው። ከኋላቸው ሰልፉ ረዘመ። "እንጆሪ" አለ ዌንደል በመጨረሻ።

"ውይ፣ እንጆሪ አለቀ" አለች ሻጯ። "ቫኒላ ብቻ ነው ያለው።"

ፈርን በሳቅ አለቀሰች። ቫኒላውን ለሁለት በሉት።

ፈርን የፈራችውም አልቀረም። ኮቱ ሲሄድ ያ ድምፅ አብሮ ሄደ፤ ዌንደል አንድ ሁለት ጊዜ ስልክ ሲጠራ ሊጠራው ሞከረ፣ አልመጣለትም። አሁን የሚናገረው ትንሽ ነው። የከተማው ሰው ኮሎኔል ማለቱን አልተወም፤ እሱ ግን ሲጠሩት ዞር አይልም። ግማሹ ሰው አዋረደን ይላል፤ ግማሹ ስለዚያ ቀን ማውራት አይፈልግም። በሩ ላይ ያለው ነሐስ እንዳለ ነው። ኮሚቴው ተቋቁሟል፤ እስካሁን እየተሰበሰበ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ከጎረቤት ከተማ የመጣ አንድ ቀጭን የጥርስ ሐኪም ኮሎኔል ሆነ። ማለፊያ ድምፅ አለው። በርልንም አዲስ ትእዛዝ ሰጥተውታል፤ ማጎንበስ ድሮ ቀረ፣ "ነፃ ይሁኑ" የሚለው ቃል ሳያልቅ ይተኩሳል። በኑዛዜውና በመድፉ መካከል አሁን አንዲት ቃል የምታስገባ ቀዳዳ የለችም።

ስለዚህ ዌንደል በበዓሉ ቀን ሰገነቱ ሥር አይቆምም። ከፖም ዛፎቹ ጀርባ፣ ስም የሌላቸው ድንጋዮች ጋ፣ ከነኦዴሳ ጋር ይሄዳል። ምግቡን ብርድ ልብስ ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። መድፉ ይጮኻል፣ ጭሱ በዛፎቹ ላይ አልፎ ይመጣል፤ ሲበተን ዌንደል ተነሥቶ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። አንዳንድ ዓመት ቶሎ ትወጣለታለች። አንዳንድ ዓመት "ሠላሳ" ላይ ተይዞ ይቆያል፣ የበቆሎ ዳቦው ይደርቃል፣ ጎመኑ ይቀዘቅዛል። እስኪጨርስ ማንም ማንኪያ አያነሣም።